የግራው ፓራፋንጎ

በዚያ በጋ ያልጮህኩበት ሰው ቢኖር የማላውቀው ሰው ብቻ ነው። አባቴ ላይ ጮኼያለሁ፣ ኮርደል ላይ ጮኼያለሁ፣ አፍ የሌለው ጎማ ላይ ሳይቀር ጮኼያለሁ። ይሄ ሁሉ ጣጣ የመጣው ደግሞ ለመኪናዬ ሰፋ ያለ የኋላ ጎማ ስላማረኝ ነው። በቃ፣ ኃጢአቴ ይኸው ነው።

መኪናዬ ቻርጀር የምትባል የስልሳ ዘጠኝ ሞዴል ናት። ጥቁር አረንጓዴ፣ ረጅም፣ ስትነሳ የጎረቤት መስኮት የምታንቀጠቅጥ። አባቴ ስታን ኮዛክ እዚሁ አሜሪካ፣ ሃምትራምክ ከተማ በነበረው የመኪና ፋብሪካ ሲሠራ ነው አዲስ ሆና ስትወጣ የገዛት። ፋብሪካው አሁን የለም፣ አፍርሰውታል። እናቴም የለችም። አባቴ ዳሌው ታሞ ከዘራ ከያዘ በኋላ ቁልፉን ለእኔ አስረከበኝ፤ ሲያስረክበኝ ግን ቃል አስገብቶ ነው።

«ሞተሯን ገልብጪው፣ ወንበሯን ቀይሪው፣ ያሻሽን አድርጊ» አለኝ። «ላሜራዋን ግን መቁረጫ እንዳይነካት። ይሄን ፓራፋንጎ በእነዚህ እጆቼ ነው የገጠምኩት!»

ይህን ሲል ሁልጊዜ በቀኟ በኩል ቆሞ፣ የኋላውን ፓራፋንጎ እንደ ፈረስ ቸብ ቸብ እያደረገ ነው። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ይነገራል፤ ቄሱ ቤት ሊባርኩ ሲመጡም ተነግሯቸዋል።

የመኪናዋ ችግር ጉልበቷ ከጎማዋ መብለጡ ነበር። መብራት አረንጓዴ ሲሆን ነዳጅ ስረግጥ ቀጭኑ ጎማ ባለበት ይሽከረከራል፣ ይጮኻል፣ ይጨሳል፤ እኔ ግን ንቅንቅ የለም። አጠገቤ የቆመ የቤት እመቤት መኪና ጥሎኝ ይሄዳል። ሰባት ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድቻለሁ፤ ያን ያህል ያፈርኩበት ቀን ግን የለም። በነሐሴ ዉድዋርድ ጎዳና ላይ የአሮጌ መኪኖች ሰልፍ ሲወጣ በዚያ ጎማ አልወጣም ብዬ ማልኩ።

በሚያዝያ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ሄጄ ሁለት ሰፋፊ ቸርኬዎች አገኘሁ። አንዱን አንስቼ እያገላበጥኩ ሳለሁ፣

«አይሆንሽም» አለ ከኋላዬ አንድ ድምፅ።

ዞር አልኩ። ረጅም፣ ጆሮው ትልልቅ፣ ጥፍሩ ሥር የጎማ ጥላሸት የገባ ልጅ ቆሟል።

«ማን ጠየቀህ?»

«ማንም።»

«ታዲያ ምን ጥልቅ አደረገህ?»

«ቸርኬው ብዙውን ስፋቱን ወደ ውስጥ ነው የያዘው። ቻርጀር ላይ ከታሰረ ባሌስትራውን ይታከካል። ጎማሽ በሳምንት ያልቃል።»

«ቻርጀር እንዳለኝ በምን አወቅህ?»

ጆሮው ከላይ ጀምሮ እስከ ታች ቀላ።

«ስትገቢ አይቼሻለሁ» አለ።

መኪናዋን ይሁን እኔን ያየው አልገለጸም። እኔም አልጠየቅኩም፤ ግን ቸርኬውን መልሼ አስቀመጥኩ።

ኮርደል ይባላል። የኬንታኪ የተራራ ልጅ ነው፤ ከእኛ ቤት ጥቂት መንገድ አለፍ ብሎ ካለው ጎማ ቤት ጎሚስታ ነበር። ሲናገር ለእያንዳንዱ ቃል ከራሱ ኪስ የሚከፍል ነው የሚመስለው። ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ጓሮ እየመጣ ሥራውን አስረዳኝ። ሰፊ ጎማ መግዛት ቀላል ነው፤ ጣጣው ቦታው ነው። በውስጥ በኩል ባሌስትራው አለ፣ በውጭ በኩል የፓራፋንጎው ከንፈር አለ፤ ጎማው ሁለቱንም ሳይነካ በመካከል መቀመጥ አለበት። ቸርኬው ከስፋቱ ምን ያህሉን ወደ ውስጥ፣ ምን ያህሉን ወደ ውጭ እንደሚያወጣ ለክቶ ማሠራት ነው። አንዴ ከተሠራና ጎማ ከታሰረበት ደግሞ መልሱልኝ ማለት የለም።

የሚለካበት ቀን አባቴ ከዘራውን ይዞ ወጣ። እንደ ልማዱ በቀኝ በኩል ቆመ።

«የተራራው ልጅ፣ ሜትር ማንበብ ትችላለህ?»

«እሞክራለሁ ጌታዬ።»

«ይሄን ፓራፋንጎ እኔ ነኝ የገጠምኩት። ፀጉር ታህል አይዛነፍም። እየው! ንካው!»

ኮርደል ነካው፣ «እውነት ነው ጌታዬ» አለ። ከዚያ አሮጌውን ጎማ አወጣ፣ ክሪኩን አወረደ፣ የመኪናዋ ክብደት ባሌስትራው ላይ በደንብ ማረፉን አይቶ ለካ፣ ደግሞም ለካ። ቁጥሩን በጠመኔ ወለሉ ላይ ጻፈ። ሜትሩን ይዞ ወደ ግራ ሊዞር ሲል አባቴን ቀና ብሎ አየው። ቆመ። ሜትሩን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

«ግራውስ?» አልኩት በሹክሹክታ።

«ፊቱ? የገጠመው ሰውዬ ቆሞ? አላመንኩዎትም እንደማለት እኮ ነው።»

እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው ብዬ ልቤ ቅልጥ አለ። ያኔ ሜትሩን ነጥቄ እጁን በእሱ መግረፍ ነበረብኝ።

ቸርኬው እስኪሠራ በጋው ተጋመሰ። ኮርደል ምንም የሚለካ ነገር ሳይኖር ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣቱን አላቋረጠም። አባቴ ፒዬሮጊ፣ ያን ድንች የሚሞላ የፖላንዶች ሊጥ፣ ይቀቅልና ሳህኑ ላይ ይቆልልበታል፤ «የተራራ ሰው አይጠግብም» እያለ ይሰድበዋል፤ እሱም «አልጠግብም ጌታዬ» እያለ ይበላል። አባቴ ከእናቴ ሞት በኋላ ሲስቅ የሰማሁት ያኔ ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሁለታችንም መኪናዋ ሥር ተጋድመን ነበር። ባትሪውን እኔ ይዣለሁ፣ እሱ ባሌስትራው ላይ ያለውን ዝገት ይፍቃል። ክንዱ ክንዴን ነካ። አላነሳውም፣ እኔም አላነሳሁም። ትንፋሹ ይሰማኛል። አሁን ይናገራል፣ አሁን ይናገራል እያልኩ ጠበቅኩ።

«ዋንዳ» አለ።

«ወዬ?»

«ይሄ ባሌስትራ ቅባት ያስፈልገዋል።»

በማርያም! ባትሪውን አጥፍቼ ወጣሁ።

ሌላ ቀን ደግሞ አጎቱ ኬንታኪ ውስጥ ጋራዥ እንዳለው፣ «መጥተህ አብረኸኝ ሥራ» ብሎ እንደጠራው ነገረኝ።

«ምን አልከው?»

«እዚህ የሚያስቀረኝ ነገር ካለ እቀራለሁ አልኩት።»

«አለ?»

የጫማውን አፍንጫ አየ፣ ሰማዩን አየ፣ የጎረቤቱን ውሻ ሳይቀር አየ። «ቸርኬው ይምጣና...» ብሎ ዓረፍተ ነገሩን እዚያው ጥሎት ሄደ። እኔ ደግሞ ሰው ሲወድ የሚናገር ይመስለኛል። ቢሆንም ቸርኬው እስኪመጣ ልጠብቅ አልኩ።

መጣ። ሰልፉ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ሁለት የሚያበሩ ቸርኬዎች ወፍራም ጎማ ታስሮባቸው ጓሮአችን ደረሱ። ቀኙ ሲገባ ልክ እንደተወለደበት ሆነ፤ ከፓራፋንጎው ጋር ጣት የምታስገባ ክፍተት አለች። አባቴ በከዘራው መሬቱን መታ። «አላልኳችሁም?» አለ። ግራውንም አሰርን፣ አወረድን፣ ሦስታችንም እየሳቅን ነበር። ሞተር አስነስቼ ወጣሁ።

መንገዱ ላይ የመጀመሪያው ጉድጓድ ስገባ ከግራ በኩል ክርርር የሚል ድምፅ መጣ። ቀጥሎ የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ። ዞሬ ስመለስ ፓራፋንጎው ከግራው ጎማ ላይ በጣት የሚያክል ቁራጭ ላጥ አድርጎ በልቷል።

ኮርደል ተንበርክኮ ሜትሩን በግራ በኩል ዘረጋ። ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። ቀና ብሎ አባቴን አየ፤ ረጅም ጊዜ አየው። አባቴ በረንዳው ላይ ከዘራውን ተደግፎ ቆሟል።

«ምንድነው?» አለ አባቴ።

«እኔ ነኝ ጌታዬ» አለ ኮርደል። «ልኬቱን አበላሸሁት።»

«እንዴት አበላሸኸው?»

«በቃ አበላሸሁት።»

አባቴ እንደዚያ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም። «ፍጥነት ላይ ሆና ይሄ ጎማ ቢፈነዳስ? ልጄ እኮ ናት ውስጧ ያለችው! ሜትር ማንበብ ካልቻልክ አልችልም አትልም? ሂድ! ከጓሮዬ ውጣ፣ ከልጄም ራቅ!»

«እሺ ጌታዬ።»

እሺ ጌታዬ! ዕቃውን ሰብስቦ ሲወጣ እስከ መንገዱ ተከተልኩት።

«በቃ? ይሄው ነው? አንድ ቃል አትናገርም?»

ዓይኖቼን አየ። የሚናገር መሰለኝ፤ ከንፈሩ ሳይቀር ተንቀሳቅሶ ነበር።

«ደህና ሁኚ ዋንዳ» አለ።

ሳምንቱን ሙሉ ጥርሴን ነክሼ አውቶቡሴን ነዳሁ። የበጋ ትምህርት ያላቸው ልጆች እንኳ ፊቴን አይተው ፀጥ አሉ። አርብ ዕለት ግን አላስችል አለኝ። አንድ ነገር አልገባኝም፤ አንድ ሰው በአንድ ሜትር፣ በአንድ ቁጥር፣ ቀኙን በትክክል ሠርቶ ግራውን እንዴት ያበላሻል? ጓሮ ገብቼ ራሴ ለካሁ። ቀኙን ለካሁ፣ ግራውን ለካሁ። የግራው ፓራፋንጎ ግማሽ ኢንች ወደ ውስጥ ገብቷል። መኪናዋ ከተወለደች ጀምሮ ጠማማ ነበረች ማለት ነው።

በቀጥታ ጎማ ቤቱ ሄድኩ።

«የግራው ግማሽ ኢንች ይጎድላል» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

«ታውቃለህ?! ታዲያ ለምን አልነገርከውም?»

እጁን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ። ንጹሕ ከሆነ በኋላም መጥረጉን አልተወም።

«ፋብሪካው ፈርሷል» አለ። «እናትሽ የለችም። መኪና መንዳት አይችልም። የቀረው ያ ፓራፋንጎ ነው ዋንዳ። ስንት ዓመት የኮራበትን ነገር አጣመህ ነው የገጠምከው ልበለው? እኔ አልችልም።»

እንዲህ ረጅም ንግግር ከአፉ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። ደግሞ ሁሉም ስለ አባቴ ነው። ቱግ አልኩ።

«እኔስ? እኔን በላሜራ ለወጥከኝ? የአባቴ ስሜት እንዳይጎዳ እኔ ልጎዳ? ማን ጠየቀኝ?»

ጨርቁን መንጠቆ ላይ ሰቀለ።

«እሁድ ወደ ኬንታኪ እሄዳለሁ» አለ በመጨረሻ። «አጎቴ ይጠብቀኛል።»

አጠገቤ የተደረደረውን የጎማ ክምር በእግሬ መታሁት። ክምሩ ምንም አልሆነ፤ አውራ ጣቴ ግን አበጠ። እያነከስኩ ወጣሁ፣ እንባዬ እየወረደ፣ ለራሴ እንኳ እያፈርኩ።

ቅዳሜ ሰልፉ አለፈ። ድምፁ ባይሰማኝም የሰማሁ እየመሰለኝ ቤት ተቀመጥኩ። አባቴም ሰልፉን አላነሳውም። ፒዬሮጊ ቀቅሎ ነበር፤ ከልማዱ አብዝቶ ቀቅሎ ግማሹን ደፋው።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ወሰንኩ። አባቴን ማሳዘን አልፈልግም፤ ግን ከሰዓት በኋላ ያ ልጅ ይሄዳል። ሜትሩን አምጥቼ እጁ ላይ አደረግኩለት።

«ታታ፣ የግራውን ፓራፋንጎ ለካው።»

«ለምን?»

«ለእኔ ብለህ። ለካው።»

ዳሌውን እየያዘ ወደ ግራ ዞረ። ዘረጋ፣ አየ፣ መነጽሩን አስተካክሎ ደግሞ አየ። ይሄን ሽማግሌ በገዛ እጄ ልሰብረው ነው ብዬ ፈራሁ።

«ዚግመንድ!» ብሎ ጮኸ።

«ምን?»

«ያ አህያ ዚግመንድ! አውቄ ነበር!» ፊቱ በደስታ በርቷል። «ስነግረው ኖሬያለሁ፤ ከምሳ በኋላ ዓይንህ አያይም፣ ያን ቢራ ተው ብዬዋለሁ!»

«ታታ... ዚግመንድ ማነው?»

«የግራው ሰው ነዋ! መኪናው በመካከላችን ያልፋል፤ እኔ በቀኝ፣ እሱ በግራ። ሃያ ዓመት ፊት ለፊት ቆመናል። እኔ በሕይወቴ የግራ ፓራፋንጎ ነክቼ አላውቅም!»

ስንት ጊዜ «ይሄን» ብሎ ቸብ ሲያደርግ አይቻለሁ! ሁልጊዜ ቀኙን፣ ሁልጊዜ ያንኑን ፓራፋንጎ። እኔም ኮርደልም መላ መኪናዋን እሱ የሠራት መስሎን ኖርን።

«ግን ያ ልጅ ግራውን አልለካም እንዴ?» አለ አባቴ።

«አልለካም። አንተን አክብሮ። አላመንኩህም ማለት ይሆናል ብሎ።»

«ማነው አትለካ ያለው?»

«ማንም! ማንም አላለውም! ጠማማ መሆኑን ሲያውቅ ደግሞ አንተ እንዳታዝን ብሎ ጥፋቱን በራሱ ላይ ወሰደ። አንተ ደግሞ እንደ ሌባ አባረርከው። ዛሬ ይሄዳል፤ እኔ ደግሞ እወደዋለሁ፤ ሁለታችሁም አንድ ጊዜ አፍ ከፍታችሁ ብትነጋገሩ ምን ነበረበት?»

የመጨረሻውን የጮኽኩት ይመስለኛል፤ የጎረቤቱ ውሻ መለሰልኝ።

አባቴ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ከዘራውን ጭኑ ላይ አድርጎ እጆቹን ሲያይ ቆየ።

«ለእኔ ብሎ?» አለ።

«ላንተ ብሎ።»

ተነሣ። ቤት ገባና አሮጌውን የቤዝቦል ዱላ ይዞ ወጣ።

«መኪናዋን አስነሺ።»

«ታታ! በዱላ ምን ልታደርግ ነው?»

«የዚግመንድን ከንፈር ላጥፍ ነዋ። መቁረጥ ነው እንጂ የከለከልኩት፣ ማጠፍ መች ከለከልኩ? ለዚህ ደግሞ ሁለት እጅ አይበቃኝም። ንጂ!»

መንገዱን ሙሉ የግራው ጎማ ክርርር እያለ፣ ሰው እየዞረ እያየን ደረስን። ኮርደል የተከራየበት ቤት ፊት ለፊት ካርቶኖቹን ጭነት መኪናው ላይ ይጭናል። አባቴ ዱላውን ይዞ እያነከሰ ሲወርድ ሲያይ የያዘውን ካርቶን ጣለና ሁለት እጁን አነሣ።

«እየሄድኩ ነው ጌታዬ! ይኸው፣ ጨርሻለሁ፣ አይድከሙ!»

«ዝም በል። ያዝ!» ዱላውን ወረወረለት።

ኮርደል ቀለበው። ዱላውን አየ፣ አባቴን አየ፣ እኔን አየ። አባቴ ስለ ዚግመንድ ነገረው፤ በረጅሙ፣ ከነቢራው። እኔ የኮርደልን ፊት እያየሁ ነበር። መጀመሪያ ደነገጠ፣ ከዚያ ጆሮው መቅላት ጀመረ፣ ከዚያ ጭንቅላቱን ይዞ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ።

«የቀኙን ብቻ?» አለ።

«የቀኙን ብቻ!» አለ አባቴ። «እሱ ግን ፀጉር ታህል አይዛነፍም። እውነት ነው አላልክም?»

እዚያው መንገድ ላይ ሠራነው። ኮርደል ዱላውን ከጎማው በላይ፣ ከፓራፋንጎው ከንፈር ሥር አስገባና ጫፉን ያዘ፤ እኔ በተከፈተው በር በኩል መሪዋን ይዤ መኪናዋን በቀስታ እገፋለሁ፤ ጎማው ሲዞር ዱላውን ያሽከረክረዋል፣ ዱላው ደግሞ የላሜራውን ከንፈር ወደ ላይ እያጠፈ ይሄዳል። ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ደግሞ ወደ ፊት። አባቴ «ቀስ! ቀስ!» እያለ በከዘራው ያዝዛል። አንድ ቦታ ላይ ቀለሙ ተሰነጠቀ፤ ኮርደል ፊቱ ነጣ።

«የዚግመንድ ነው፣ ይሰንጠቅ!» አለ አባቴ።

ሲያልቅ ኮርደል ጣቱን በክፍተቱ አስገባና አወጣ። ከዚያ ዱላውን ደረቱ ላይ እንደያዘ ወደ አባቴ ዞረ። ላቡ በአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠባል።

«ጌታዬ... አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር። ስለ ዋንዳ።»

አባቴ በከዘራው ጫፍ ወደ እኔ አመለከተ።

«አሁንም አንዱን ጎን ብቻ ልትለካ ነው?»

ኮርደል ወደ እኔ ዞረ። በማርያም፣ አልረዳሁትም። እጄን አጣምሬ ቆምኩ። በጋውን ሙሉ ጠብቄያለሁ፣ ጥቂት ብጠብቅ አልሞትም።

«ዋንዳ፣ ብቀር... ቅር ይልሻል?»

«እንደሱ አትጠይቀኝ! በደንብ ጠይቀኝ!»

ዱላውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ተጠጋኝ። እጁ ጥቁር ነበር፤ ፊቴን ሊነካ አንሥቶ መለሰው። ያዝኩና ራሴ ጉንጬ ላይ አደረግኩት።

«እወድሻለሁ» አለ። «ከዚያ ገበያ ጀምሮ። መኪናዋን አልነበረም ያየሁት። ታገቢኛለሽ?»

«አዎ» አልኩ። «አዎ፣ አንተ ደደብ።»

ዞር ስንል አባቴ ከጭነት መኪናው ላይ ትንሿን ካርቶን አውርዶ ወደ ቤቱ እየመለሳት ነበር።

ሳይመሽ በቻርጀሯ ወደ ቤት ሄድን። ኮርደል አጠገቤ ተቀመጠ። አባቴ ከኋላ ወንበር በግራ በኩል፣ ልክ ከጎማው በላይ ካልተቀመጥኩ አለ፤ ዚግመንድን ልስማው ብሎ። ያን ጉድጓድ ሆን ብዬ ገባሁበት። ሦስታችንም ትንፋሻችንን ይዘን አዳመጥን።

ምንም አልነበረም። ኮርደል እጄን ያዘ፤ እኔም በዚያ በጋ ለመጀመሪያ ጊዜ የምጮህበት ነገር አጥቼ ዝም ብዬ ነዳሁ።